ዘንጉ የረዘመው ሐይቁ ስለሰፋ ነው

ሐይቅ ዳር ረጅም የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይዞ ብቅ ያለ ሰው ከሰላምታ በፊት ተረብ ይደርሰዋል። ባጃጅ ነጂው ፍጥነቱን ቀንሶ ይተርባል፤ ጀልባ ቀዛፊው መቅዘፊያውን አቁሞ ይተርባል፤ ቆሎ የምትሸጠዋም ልጅ እየሰፈረች ትተርባለች። እኛም የተረብ አገር ልጆች ነንና አንቀየምም። ነገር ግን መልስ ያጣ ተረብ ውሎ ሲያድር እውነት ይመስላል። ይህ ደግሞ ገንዘቡን አጠራቅሞ ዘንግና የክር መሰብሰቢያ ሪል ሊገዛ የተነሳውን ጀማሪ ያሳስተዋል። ስለዚህ ከጣና እስከ ጫሞ፣ ከባቦጋያ እስከ ሐዋሳ ለሚወረወርብን ሁሉ መልሱን እዚሁ እንደርድረው። የተረበ ይስማ፤ ሊገዛ ያሰበም ይያዘው።

«ምነው ወንድሜ፣ የመብራት ምሰሶውን ነቅለህ ወዴት ነው?»

ምሰሶ ተተክሎ ይቀራል፤ የእኔ ጎንበስ ብሎ ዓሣ ይዞ ይነሳል!

ዘንጌ 3 ሜትር ከ60 የሆነው ለታይታ አይደለም። እስቲ እግርህ ሥር ተመልከት፦ ፊላ፣ ቄጠማ፣ ደንገል፤ ጣና ከሆነ ደግሞ እንቦጭ። የብዙዎቹ ሐይቆቻችን ዳር ሣር ለብሶ ነው የሚኖረው። በ2 ሜትር ዘንግ ስትወረውር ክሩን የሚያከብደው እርሳስ ከሣሩ ማዶ ቢያርፍም ክሩ ሣሩ ላይ ተኝቶ ይቀራል። ዓሣው ምግቡን ሲነካ የዘንጉ ጫፍ አይነግርህም። ቢያዝልህ እንኳ ወደ ዳር ሲቀርብ ሣሩ ሥር ይገባና ክሩን ጠምጥሞ ይገላገልሃል። ረጅሙ ዘንግ ክሩን ከሣሩ በላይ አንጠልጥሎ ይይዛል፤ የተያዘውንም ከሣሩ በላይ አሻግሮ ያመጣል።

ርቀቱም አለ። ክንድህ ሁለቱን በእኩል ፍጥነት ማዞር ከቻለ፣ የ3 ሜትር ከ60 ዘንግ ጫፍ ከ2 ሜትር ከ10ሩ ጫፍ 1.7 ጊዜ ያህል ይፈጥናል። እርሳሱን የሚያስወነጭፈው የጫፉ ፍጥነት ነው። «ከቻለ» ያልኩት ግን ሆን ብዬ ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

«ጀልባ መከራያ አጣህ እንዴ፣ ከዳር ሆነህ የምትንጠራራው?»

አንተ ቀዝፈህ ወደ ዓሣው ትሄዳለህ፤ እኔ እርሳሴን እልክና ቆሜ እጠብቃለሁ። ሁለታችንም እንበላለን!

ጀልባ ላይ አጭር ዘንግ ልክ ነው። ከ1 ሜትር ከ80 እስከ 2 ሜትር ከ10 ቢሆን ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሆነው የጓደኛን ባርኔጣ እንጂ ዓሣ አያነሳም። ዳር ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጀልባው የሚሸፍንልህን ርቀት ዘንጉ ነው የሚሸፍንልህ። ለጀልባ የተሠራውን ዘንግ ዳር ላይ ይዞ የቆመ ሰው ዓሣ ባጣ ቁጥር ዕድሉን ይረግማል። ዕድሉ ምንም አላደረገም፤ ዘንጉ ነው ያጠረው።

«ጉልበትህ ድረስ ገብተህ ብትወረውር ምናለ? ውኃ ትፈራለህ?»

ውኃውን ሳይሆን ውኃው ውስጥ ያለውን ነው የምፈራው። አንተም ብትፈራው ደስ ይለኛል!

ይህ ከቀልድ በላይ ነው። በዝዋይ፣ በጣናና በሐዋሳ ዳርቻዎች ቢልሃርዚያ አለ። በሽታውን የሚያመጣው ትል በሐይቅ ዳር ሣር መካከል በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ያድጋል፤ ከዚያም ወጥቶ ውኃ የነካውን ቆዳ በስቶ ይገባል። ለመግባት ቁስል አይፈልግም። ሣር በበዛበት ዳር ጉልበቱ ድረስ ገብቶ ግማሽ ቀን የሚቆም አጥማጅ ራሱን ለትሉ ያቀርባል። ጉማሬ ደግሞ ዝዋይም ሐዋሳም አለ። ጫሞ ከሆነ «አዞ ገበያ» የሚባለው ቦታ ስሙ ራሱ ይነግርሃል። ረጅም ዘንግ ከአዞ አያድንም፤ ይህን ማንም እንዳይነግርህ። ከጠርዙ ፈንጠር ብለህ፣ እግርህ ደረቅ ሆኖ፣ ዙሪያህን እያየህ እንድትቆም ግን ይፈቅድልሃል። ጫሞና አባያ ላይ ደግሞ ዳርቻውን የሚያውቅ የአካባቢው ሰው ሳትይዝ አትውረድ።

«ቆሮሶው እግርህ ሥር እየዋኘ አንተ ማዶ ትወረውራለህ!»

እዚህ ላይ እውነት ብለሃል፤ ለእውነት ደግሞ መልስ አይፈለግለትም፣ ምስጋና እንጂ።

ቆሮሶ ሣሩ አካባቢ ይውላል፤ ብዙ ጊዜ ከዳር 10 ሜትር አይርቅም። ለእሱ ብሎ 80 ግራም እርሳስ ማስወንጨፍ ዓሣውን አልፎ መሄድ ነው። ለቆሮሶ የሚሻለው ከ10 እስከ 30 ግራም የሚወረውር ቀጭንና ቀላል ዘንግ፣ ትንሽ ተንሳፋፊ፣ ትንሽ መንጠቆ፣ ትል ወይም ሊጥ ነው። እዚህም ቢሆን ርዝመቱ አልቀረም። ከ3 ሜትር ከ60 እስከ 4 ሜትር ከ20 የሆነ ዘንግ ተንሳፋፊውን በሣሩ መካከል ባለች ጠባብ ውኃ ላይ ያለ ብዙ ውርወራ ያሳርፍልሃል። ሪል የሌለው ረጅም ዘንግ እንኳ ይበቃል።

አምባዛና ካርፕ ሌላ ነገር ናቸው። ሁለቱም ምግባቸውን ከወለሉ የሚለቅሙ፣ ሲያዙም በጉልበት የሚጎትቱ ናቸው። ለእነሱ ከ40 እስከ 80 ግራም የሚል ዘንግ፣ ወለል ላይ የሚተኛ እርሳስና ጠንከር ያለ ክር ያስፈልጋል። የጫሞው ናይል ፐርች ደግሞ ከ100 ኪሎ በላይ ሊሆን የሚችል ዓሣ ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ ዘንግ አይሞከርም። ስለዚህ ባለሱቁ «ስንት ሜትር ልስጥህ?» ሳይልህ በፊት አንተ ራስህን «የትኛውን ዓሣ?» ብለህ ጠይቅ።

«ሐይቅ ሁሉ ሐይቅ ነው፣ ምን ያመራምርሃል?»

ውኃው አንድ ይመስላል፤ ወለሉ ግን አይገጥምም!

ዝዋይ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የተንጣለለ ሆኖ ጥልቀቱ ቢበዛ 9 ሜትር ያህል ነው። ከዳር ብዙ ርቀህ ወርውረህም ውኃው ገና ወገብ ላይደርስ ይችላል። እዚያ ርቀት ዋጋ አለው፤ ዘንጉም መርዘም አለበት። ባቦጋያ በአንጻሩ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ ከ60 ሜትር ያልፋል፤ ወለሉም ከዳር ብዙ ሳይርቅ ቁልቁል ይወርዳል። እዚያ ሩቅ መወርወር ትርጉም የለውም። ከኋላህ ደግሞ ዳገትና ዛፍ ስላለ 4 ሜትር ዘንግ ለማወዛወዝ ቦታ አታገኝም፤ 3 ሜትር ይበቃሃል። ሐዋሳ ላይ ከኋላህ የሚያልፈው ሰው ነው። መንጠቆ ጆሮ አይመርጥምና ሳትወረውር ዞር ብለህ እይ፤ ሰው ከበዛ ቦታ ቀይር።

«ረጅም ከሆነ አይቀር ለምን 5 ሜትሩን አልገዛህም?»

ዘንግ የሚለካው በሜትር ነው፤ የሚመረጠው ግን በክንድ ነው!

«ከቻለ» ያልኩት እዚህ ነው። ዘንጉ በረዘመ ቁጥር ይከብዳል፤ በከበደ ቁጥር ክንድህ ቀስ ብሎ ያዞረዋል። የጫፉ ፍጥነት ከወረደ ርዝመቱ ትርፍ ዕንጨት ነው። 5 ሜትሩን እያቃሰተ ከሚያወዛውዝ ሰው 3 ሜትር ከ60ውን ፈጠን አድርጎ የሚሰነዝረው ይበልጠዋል።

ዓሣ ሲያዝ ደግሞ ሒሳቡ አንተ ላይ ይዞራል። ዓሣው ጫፉን በ2 ኪሎ ኃይል ይጎትታል እንበል። ጫፉ ከላይኛው እጅህ 3 ሜትር ይርቃል፤ ሁለት እጆችህ ደግሞ እጀታው ላይ በ50 ሳንቲ ሜትር ተራርቀዋል። ክሩ ከዘንጉ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሲሠራ የታችኛው እጅህ 12 ኪሎ ይሸከማል። ዘንጉ ሲጎብጥ ይህ ሸክም ይቀላል፤ ዘንግ የሚጎብጠውም ለዚሁ ነው። ግን አየህ፣ ዘንግ በረዘመ ቁጥር ዓሣው ነው የሚጠቀመው። ስለዚህ እጀታው እጆችህን እንድታራርቅ የሚያስችል ረጅም ይሁን፤ ዓሣው ሲከብድም ዘንጉን ወደ ሰማይ አትስቀለው፤ ዝቅ አድርገህ ወደ ጎን ሳበው።

ፍርዱ ይኸው፦ ለአብዛኛው ሰውና ለአብዛኛው ዳርቻ 3 ሜትር ከ60። ሣሩ ረጅም ከሆነና ክንድህ ከቻለ 3 ሜትር ከ90 ወይም 4 ሜትር ከ20። ለልጅ፣ ለጠባብ ቦታና ዛፍ ለበዛበት ዳር 3 ሜትር። ከዚያ ያለፈው ለባለሙያ ነው።

«ይሄ ካርቦን ነው ጌታዬ፣ ዝሆን ቢቆምበት አይሰበርም!»

ዝሆኑን ተወውና ዘንጉን ልየው!

ካርቦን ጥሩ ነው፤ ቀላል ነው፣ ቀጥ ይላል፣ የዓሣውን ንክኪ እጅህ ድረስ ያመጣል። ነገር ግን ድንጋይ ላይ ሲወድቅ ወይም በሚኒባስ በር ሲመታ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ይይዛል፤ ያ ስንጥቅ ሌላ ቀን ውርወራ መሐል ይለያየዋል። ፋይበርግላስ ይከብዳል፣ ይለመጣል፣ ጎሸም ቢያደርጉት ግን ይታገሣል። ለጀማሪና በታክሲ ለሚጓዝ ሰው ሁለቱ የተቀላቀሉበት ዘንግ የተሻለ ነው።

የመብራት ምሰሶ ላልከኝ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምርልህ። ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ የራሰ ፋይበርግላስም ቢሆን አይታመንም። ደመናው ጠቁሮ ነጎድጓድ ሲሰማ ዘንግህን አስተኛና ከዳሩ ራቅ። የመብራት ሽቦ ሥር ደግሞ በጭራሽ ዘንግ አትዘርጋ፤ ስትሄድም አጥፈህ ያዝ። ዓሣው ነገም አለ።

አሁን ሱቁ ውስጥ ነህ። ከእጀታው ከፍ ብሎ የተጻፈውን አንብብ። «3.60» ርዝመቱ ነው፤ «40–80 ግ» የሚወረውረው ክብደት ነው። ይህ ክብደት እርሳሱን ብቻ ሳይሆን ምግቡንም ይጨምራል። 80 ግራም እርሳስ ላይ ትልቅ ቁራጭ ሥጋ ከሰካህ መስመሩን አልፈሃል። መሐሉ ላይ ያለው፣ 60 ግራም አካባቢ ያለው፣ ዘንጉ በደንብ የሚሠራበት ነው።

ከዚያ ዘርጋው። እንደ ሬዲዮ አንቴና የሚመዘዘው ዓይነት ከሆነ ከቀጭኑ ጫፍ ጀምረህ ምዘዝ፤ ስታጥፈው ደግሞ ከወፍራሙ ከታችኛው ጀምር። ሁሉም ተዘርግቶ ሳለ ከታች አንድ ዓይንህን ጨፍነህ ወደ ላይ እይ፤ ቀለበቶቹ በአንድ መስመር መሰለፍ አለባቸው። ነቅነቅ አድርገው፤ መገጣጠሚያው ላይ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሰማህ መልሰው። ቀጥሎ ትንሽ ጥጥ አውጣና በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ ዙሪያውን ጥረግ። ቀለበቱ ውስጥ ያለው ሸክላ ስንጥቅ ካለው ጥጡ ክሩን ጥሎበት ይቀራል። ዓይን ያላየውን ስንጥቅ ጥጥ ያገኘዋል፤ ያ ስንጥቅ ደግሞ ሐይቅ ዳር ክርህን እየላጨ ዓሣህን የሚያስመልጥህ ነው። ባለሱቁ ቢስቅ ይሳቅ፤ ገንዘቡ ያንተ ነው።

በመጨረሻ ሪሉን አስገጥመህ ያዘው። ሪል ያልተገጠመለት ዘንግ ሱቅ ውስጥ ሲያወዛውዙት ሁሉም ቀላል ነው። ከገጠምክ በኋላ ጫፉ ወደ መሬት የሚደፋ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ክንድህ ይፈርድብሃል።

«ሪሉ 13 ኩሽኔታ አለው! ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?»

ኩሽኔታ ቆጥሮ የጠገበ የለም!

ብዛት ጥራት አይደለም። 4 ጥሩ ኩሽኔታ ያለው ሪል 13 ርካሽ የተደረደረበትን ያስከነዳዋል። እጀታውን ቀስ ብለህ አዙርና በጣትህ አድምጥ። ጥርሶቹ የሚንገጫገጩ፣ የሚያዝ የሚለቅ ነገር ካለ ተወው። ክሩ የሚያልፍበት ትንሿ መሽከርከሪያ በትክክል መዞሯን በጣትህ ፈትሽ። እሷ ከተያዘች ክሩ በአንድ ቦታ እየተፋተገ ያልቃል።

ዛሬ ሁላችንም የምንይዘው፣ መጠቅለያው የማይዞረውና ክሩ ከጫፉ ላይ እየተፈታ የሚሄደው ሪል፣ የተወለደው ከፈታይ ቤት ነው። በእንግሊዝ አገር የብራድፎርዱ የጨርቃ ጨርቅ ሰው አልፍሬድ ሆልደን ኢሊንግወርዝ በ1905 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት ነው። ክር ከፋብሪካ ጥቅል ጫፍ ላይ ያለ መጎተት ተፈትቶ ሲሄድ ያየ ሰው፣ እርሳስም ክሩን እንዲሁ ይዞ መሄድ እንደሚችል ገባው። እናቶቹ ሲፈትሉ እያየ ያደገን ልጅ ይህ ሊገርመው አይገባም።

ለ3 ሜትር ከ60 ዘንግ በሪሉ ላይ «4000» ወይም «5000» የሚል ቁጥር ፈልግ። ቁጥሩ ከፋብሪካ ፋብሪካ ትንሽ ስለሚለያይ መጠቅለያው ላይ የተጻፈውንም እይ። «0.30/200» ካለ፣ ውፍረቱ 0.30 ሚሊ ሜትር የሆነ ክር 200 ሜትር ይይዛል ማለት ነው። ከዳር ለሚወረውር ይህ በቂ ነው። «5.2:1» ካለ ደግሞ እጀታውን አንዴ ስታዞር ክሩ መጠቅለያውን 5.2 ጊዜ ይዞራል። የመጠቅለያው ስፋት 5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በአንድ ዙር 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ክር ትሰበስባለህ። እርሳስና አምባዛ ለመጎተት ከዚህ የፈጠነ ማርሽ አያስፈልግህም፤ የሚፈጥነው ሲጭኑበት ይከብዳል።

«ልጄ፣ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል አልሰማህም?»

ሰምቻለሁ ጋሼ፤ ለዚህ ነው ፍሬኑን አስቀድሜ ያስተካከልኩት!

የሪል ፍሬን ከመኪና ፍሬን ይለያል፤ ሥራው ማቆም ሳይሆን እየያዘ መልቀቅ ነው። ዓሣው ከክሩ አቅም በላይ ሲጎትት ክሩ እንዲሄድለት ያደርጋል። ሣጥኑ ላይ «8 ኪሎ ፍሬን» ብሎ የሚፎክረውን ተወው፤ ክርህ በ6 ኪሎ የሚበጠስ ከሆነ የ8 ኪሎ ፍሬን ለምንህ ነው? ልኩ የክሩ አቅም ሲሶ ነው። ለ6 ኪሎ ክር 2 ኪሎ። አስተካክሎ ለማየትም ተንጠልጣይ ሚዛን በቂ ነው፤ የክሩን ጫፍ ሚዛኑ ላይ እሰርና ሳብ፤ 2 ኪሎ ሲደርስ ክሩ ያለ መንቀጥቀጥ መለቀቅ አለበት። እየያዘ እየለቀቀ የሚንቀጠቀጥ ፍሬን ትልቁን ዓሣ ያስበጥስሃል። ዘንጉን ባላ ላይ አስደግፈህ ስትቀመጥ ደግሞ ፍሬኑን ላላ አድርግ። አለበለዚያ አምባዛው ዘንግህን ከነሪሉ ይዞት ይገባል፤ አንተም ከባላው ጋር ብቻህን ትቀራለህ። ማታ ቤትህ ስትገባ ፍሬኑን ጨርሰህ ፍታው፤ ተጠብቆ የከረመ ፍሬን ይደድራል።

«ክር ክር ነው፣ ናይለን ካገኘህ ሌላው ቅንጦት ነው!»

ዘንግህ በ3 ሜትር፣ ዕድልህ ግን በ0.30 ሚሊ ሜትር ነው የተንጠለጠለው!

ናይለን ይለጠጣል፣ ይታገሣል፣ ዋጋውም ይቀላል፤ ለጀማሪ 0.30 ወይም 0.35 ይበቃዋል። የተገመደው ክር ቀጭን ሆኖ ጠንካራ ስለሆነ ሩቅ ይሄዳል፤ ነገር ግን አይለጠጥም፣ ድንጋይ ላይ ቶሎ ያልቃል፣ ጣትንም ይቆርጣል። እሱን ከመረጥክ መጀመሪያ መጠቅለያው ላይ ጥቂት ናይለን ጠቅልልበት፤ ያለዚያ ሙሉው ክር መጠቅለያው ላይ ይንሸራተታል።

60 እና 80 ግራም እርሳስ የሚወረውር ሁሉ ደግሞ ጫፉ ላይ 0.50 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ ወፍራም ክር ይቀጥል፤ ርዝመቱ ከዘንጉ ሁለት እጥፍ ይሁን። ቀጭኑ ክር ውርወራ መሐል ቢበጠስ ያ እርሳስ ጥይት ነው፤ ከፊትህ ጀልባ ላይ ያለው ሰው ደግሞ የሰው ልጅ ነው። መጠቅለያውን ስትሞላ ከከንፈሩ 2 ሚሊ ሜትር ያህል አስቀር። ከልኩ በላይ ከሞላኸው ክሩ ተጠቅልሎ ይወጣና ተተብትቦ ያውልሃል፤ ካጎደልከው ደግሞ ከንፈሩን እየታከከ ርቀትህን ይበላዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለሰው ብቻ አይደለም። ዘንግ፣ ሪል፣ ክርና እርሳስ ካልተባበሩ አምባዛም አይታሰር።

«ከአሜሪካ ዘመድ እያለህ እዚህ ምን ትከራከራለህ? ላክልኝ በለው!»

ብዬው ነበር፤ የላከው ግን ለእሱ ሐይቅ የሚሆነውን ነው!

ከዲሲ፣ ከዳላስ፣ ከሲያትል የምትልኩልን ወገኖቻችን እጃችሁ ይባረክ። ነገር ግን እዚያ ሱቅ ውስጥ «ዘንግ» ብላችሁ ስትጠይቁ የሚሰጣችሁ አብዛኛውን ጊዜ 7 ጫማ ነው። እሱ 2 ሜትር ከ10 ስለሆነ ለጀልባና ለአጭር ውርወራ ነው የሚሆነው። ለእኛ ዳር 12 ጫማ ብላችሁ ጠይቁ፤ 3 ሜትር ከ66 ይሆናል። ክብደቱ እዚያ በአውንስ ነው የሚጻፈው። አንዱ አውንስ 28 ግራም ያህል ስለሆነ «ከ1 እስከ 3 አውንስ» የሚለው ለእኛ አምባዛ ልክ ነው። ሻንጣ እንዳያስቸግራችሁ የሚመዘዘውን ወይም ሦስት ቦታ የሚለያየውን ምረጡ። ሦስት ቦታ የሚለያየው ሲፈታ እያንዳንዱ ቁራጭ ከ1 ሜትር ከ20 በላይ ስለሆነ የአየር መንገዱን የሻንጣ ልክ አስቀድማችሁ እዩ። ክርም አትርሱ፤ ጥሩ ክር ለመላክ ቀላል፣ ለተቀባዩ ደግሞ ትልቅ ስጦታ ነው።

«ቀኑን ሙሉ ቆመህ ሁለት ዓሣ? መረብ የጣለው በአንድ ጠዋት ጎተራ ይሞላል!»

መረብ ያገኘውን ያፍሳል፤ እኔ የሚበላውን ወስጄ የሚወልደውን እመልሳለሁ!

በሕጋዊ መረብ ቤተሰቡን የሚያስተዳድረውን አጥማጅ እናከብረዋለን፤ በጾም ወራት ገበያው የሚጠግበው በእሱ ድካም ነው። የምንቃወመው ዓይኑ የጠበበውን፣ ጫጩቱን ሁሉ የሚጠርገውን መረብ ነው። ቆሮሶ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ የምትፈለፍል፣ ጫጩቶቿንም አደጋ ሲመጣ አፏ ውስጥ የምትሰበስብ እናት ናት። እሷን መግደል ብዙ ቆሮሶ መግደል ነው። ዘንግ የያዘ ሰው እዚህ ላይ ዕድል አለው፤ እጁን አርሶ፣ መንጠቆውን ቀስ ብሎ ነቅሎ ሊመልሳት ይችላል። ይህን ዕድል ካልተጠቀመበት በረጅም ዘንጉ ሊኮራ አይገባውም።

ሌላም ዕዳ አለብን፤ የተበጠሰ ክር። ሐዋሳ አሞራ ገደል የሚውለው አባ ኮዳ፣ ዝዋይ የሚያርፈው ይብራ፣ እግሩ በናይለን ተተብትቦ ሲያነክስ ጥፋቱ የወፉ አይደለም። ክሩን ጠቅልለህ ኪስህ ክተት፤ ቤትህ ስትደርስ ቆራርጠህ ጣል። ይህን ለማድረግ ውድ ዘንግም ውድ ሪልም አያስፈልግም።

እንግዲህ ተረቡም መልሱም ይኸው ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ይላሉ አበው። ስለዚህ ተራውን ጠብቅ፦ መጀመሪያ የምትቆምበትን ዳር እይ፤ ከዚያ የምትፈልገውን ዓሣ ወስን፤ ዓሣው እርሳሱን ይነግርሃል፤ እርሳሱ ዘንጉን ይመርጥልሃል፤ ዘንጉ ሪሉን፣ ሪሉም ክሩን ይጠራል። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ከሚያብረቀርቀው ሪል ይጀምርና ዳሩ ላይ ደርሶ ይቸገራል። አንተ ግን ሱቅ ከመግባትህ በፊት አንድ ጠዋት ባዶ እጅህን ሐይቁ ዳር ውረድ፤ ሣሩን፣ ወለሉን፣ ከኋላህ ያለውን ቦታ አይተህ ተመለስ። ዘንግህን ዳሩ ይምረጥልህ እንጂ ባለሱቁ አይምረጥልህ።